የድሮ ካሴትና የድሮ ባልደረባ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ «ስለ ድሮ ሙዚቃ አንድ ነገር በል» ብሎ ሃያ ደቂቃ ፈቅዶልኛል። እኔ ቤዝ ጊታር እመታ የነበርኩ ሰው ነኝ። ቤዝ የሚመታ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከድራሙ አጠገብ ነው የሚቆመው፤ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ የሚያወራው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ከተንተባተብኩ ታገሡኝ።

ልናገር የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ካሴት ላይ የምትሰሙት ድምፅ የቅጂው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ማለትም ማን እንደ ተጫወተ፣ የት፣ ለማን፣ ለምን እንደ ተጫወተ፣ ያለው በተጫዋቾቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ካሴቱ ከሰው ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን ከባለቤቱ ጋር አፈር ይገባል። እኔና የቀድሞ ባልደረቦቼ ባለፉት ሁለት ዓመታት የሠራነው ሥራ ሁለቱን ግማሾች ማገናኘት ነው፤ በየቤታችሁ ሻንጣ ውስጥ ካሴት እንዳለ ስለማውቅ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ለልጆቻችን ስል ትንሽ ላብራራ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ እዚህ አገር የተማሩት እንዳይደናገሩብኝ ነው። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው፣ በየከፍተኛው፣ በየመሥሪያ ቤቱ የኪነት ቡድን ይቋቋም ነበር። ዓላማው የታወቀ ነው፤ ለአብዮቱ መዝፈን ነው። ነገር ግን መሣሪያ የመግዛት አቅም ለሌለው የሠፈር ልጅ ጊታር መንካት የሚቻለው እዚያ ነበር። ስማቸው የገነነ ብዙ ሙዚቀኞች ከኪነት ቡድን ነው የወጡት። የእኛ ባንድ ግን ስሙ ገኖ አያውቅም። በ1983 ድሬዳዋ፣ ደቻቱ አካባቢ ባለ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተመሠረተ፤ በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ተበተነ። ድራም፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ድምፃውያን፣ ከእነሱም ጋር ተወዛዋዦች ነበሩን። መሣሪያው በሙሉ የቀበሌው ንብረት ነው። ልምምድ ሲያልቅ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ጊታሩን ቆጥሮ ይረከባል፤ ገመድ ከተበጠሰ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ይያዛል!

ድሬዳዋን ለሚያውቅ ሰው የምነግረው አዲስ ነገር የለም፤ ለማያውቅ ግን ሙዚቃ ሳትማሩ የምትማሩባት ከተማ ነበረች። አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተነሣው እዚያው ነው፤ በ2022 ያረፈው ዓሊ ቢራም የድሬ ልጅና የዚያ ቡድን ፍሬ ነው። በእኛ ጊዜ በአንድ ምሽት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪኛ ካልተዘፈነ ታዳሚው ከመቀመጫው አይነሣም፤ ወይም ተነሥቶ ይሄዳል። ባዶ ካሴቱም፣ ቴፑም፣ የድንጋይ ባትሪውም የሚመጣው ከዚህ ከጅቡቲ ነበር። በደወሌ በኩል በባቡሩ ይገባል። ከእናቶቻችን አንዳንዶቹ በዚያ ባቡር ምን ምን በቀሚሳቸው ሥር እንዳሳለፉ እነሱ ያውቃሉ፤ ዛሬ በዓል ስለሆነ እኔ አልናገርም።

እንግዲህ ወደ ካሴቱ ልምጣ። በቡድናችን ዘመን ከሃያ በላይ ካሴት ቀድተን ነበር። ሁሉም በድራመራችን ቤት በካርቶን ተቀምጦ ነበር፤ ቤቱ ደግሞ ወንዙ ዳር ነበር። በ2006 ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ያን ሁሉ ሠፈር ጠራርጎ ሲሄድ ካርቶኑም አብሮ ሄደ። ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት ሌሊት ስለሆነ ስለ ካሴት ማውራት ያሳፍር ነበር፤ ድራመራችንም ለማንም አላወራም። እኛ ሌሎቹ መጥፋቱን የሰማነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በቃ፣ የእኛ ነገር አለቀ ብለን ተቀመጥን።

ከሁለት ዓመት በፊት የሴቷ ድምፃዊታችን እህት፣ እዚሁ ከእኛ ጋር ያለች የማኅበራችን አባል፣ ቤት ስትቀይር ከሻንጣ ሥር በነጠላ የተጠቀለለ አንድ ካሴት አገኘች። ቲዲኬ፣ ባለ 60 ደቂቃ ነው። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ኪነት፤ እንዳይቀዳበት» ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱ የሟች እናታቸው ነው። እኒያ እናት ዘፈን የሚወዱ ሰው አልነበሩም፤ ልጃቸው ኪነት ስትገባም ሦስት ወር አኩርፈው ነበር። ካሴቱን ያስቀመጡት ግን እሳቸው ናቸው።

በአንደኛው ገጽ ያለው በ1985 በቀበሌው አዳራሽ የተደረገ ዝግጅት ነው። በሁለተኛው ገጽ ያለው የሠርግ ሌሊት ነው። በዚያን ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለ ነበረ ሠርግ የሄደ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ስለዚህ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ የምትሰሙት ቡድን የደከመው ቡድን ነው። እኔ ግን ከሁሉ የሚያምረኝ እሱ ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንም ለታይታ አይጫወትም።

እዚህ ላይ ሰዎቹን መፈለግ መጣ። ድራመሩ ድሬዳዋ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ሊድ ጊታሪስቱ ሪያድ ብዙ ዓመት ሠርቶ አሁን አዳማ ገብቷል። ኪቦርዲስቱ አሜሪካ ነው። ሳክስፎኒስቱ አዲስ አበባ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኗል። ሴቷ ድምፃዊት ድሬዳዋ የልጅ ልጅ ታሳድጋለች። ወንዱ ድምፃዊ በ1994 በሕመም ዐርፏል። ከነዚህ ሰዎች ከአንዱም ጋር ተጣልቼ አላውቅም፤ ግን ከድራመሩ ጋር ከተነጋገርን ሃያ ስድስት ዓመት አልፎን ነበር። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ ስደት፣ ልጅ ማሳደግ፣ ስልክ መቀየር ነው። የመጀመሪያው ንግግራችን የጤናና የልጆች ብዛት ሆኖ ሊያልቅ ሲል «አንድ ካሴት ተገኝቷል» አልኩት። ዝም አለ። ቀጥሎ የጠየቀኝ «የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ሃያውንም በቃሉ ይዟቸው ኖሯል።

በዋትስአፕ ለአምስቱም አራት አራት ደቂቃ ላክሁላቸው። በማግስቱ አምስት መልስ መጣ፤ አምስቱም አይስማማም። ድራመሩ ሠርጉ በ1989 ሳቢያን ነው አለ። ድምፃዊታችን በ1988 ከዚራ፣ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው አለች። ሊድ ጊታሪስቱ ደግሞ እኔ በዚያ ሠርግ አልነበርኩም፣ ያ ጊታር የሌላ ሰው ነው ብሎ ድርቅ አለ። ካሴቱን ደጋግመን ስንሰማ ግን በሁለት ዘፈን መካከል መድረክ መሪው የሙሽራዋን ስም ይጠራል፤ ወዲያው «ያን ጊታር ቀንስልን!» ብሎ ሊድ ጊታሪስታችንን በቅጽል ስሙ ይቆጣዋል። አዳራሹ ይስቃል። ድምፃዊታችን የሙሽራዋን ቤተሰብ አነጋግራ ፎቶግራፉን አስወጣች፤ ከጀርባው ቀን ተጽፎበታል፣ 1988 ነው። ሊድ ጊታሪስቱም በፎቶው ጥግ ላይ ቆሟል፤ ያኔ ፀጉር ነበረው።

ይህን ተረት ለማሳቅ ብቻ አላመጣሁትም። ካሴቱ ብቻውን ቢሆን «ሠርግ፣ ድሬዳዋ» ከማለት አናልፍም ነበር። የእኛ ትዝታ ብቻ ቢሆን ደግሞ እስከ ዛሬ እንከራከር ነበር። ካሴቱ፣ ሰዎቹና ፎቶው ተገናኝተው ነው አንድ እውነት የወጣው።

የታላላቆቹን ታሪክ ስመለከትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ኃይሉ መርጊያን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነው። ዋልያስ አዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት የተጫወተ ባንድ ነው፤ መሣሪያውን በራሱ ገንዘብ የገዛ ባንድም ነበር፤ ለእኛ ለቀበሌ ጊታር ተበዳሪዎች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። በ1981 ወደ አሜሪካ ለሥራ ጉዞ ሄዱ፤ ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ባንዱ በዚህ ተከፋፈለ። ኃይሉ በ1985 ብቻውን፣ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን በመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይለማመድ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። ያን ካሴት አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ገዝቶ አገኘው፤ ባለቤቱንም ፈልጎ አነጋገረው፤ በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ መርጊያም በመላው ዓለም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ።

እኔን ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ካሴቱ መገኘቱ አይደለም። ባሕር ዳር የካሴት ቤት ውስጥ ብዙ ካሴት ነበረ። የሚገርመኝ ሰውየው ስልክ አንሥቶ መደወሉ ነው፤ ሲደውልም ባለቤቱ በሕይወት መኖሩ ነው።

ከዋልያስ ጋር ሄዶ አሜሪካ የቀረው ግርማ በየነም እንዲሁ ነው። ፒያኒስትና አቀናባሪ ነው፤ በሸክላ ዘመን የብዙ ሰዎችን ዘፈን ያቀናበረው እሱ ነው፤ እናንተ ግን የምታውቁት የዘፋኞቹን ስም ነው። ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ኖረ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀመረው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራ የድሮ ሸክላዎቹ እንደገና ተሰሙ፤ በ2017 በዚያው ተከታታይ ሥራ 30ኛ ቅጽ ላይ ከፈረንሳይ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ።

እዚሁ አጠገባችን ያለውንም አንርሳ። በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ የራዲዮ ሐርጌሳ ሠራተኞች ካሴትና ሪል አውጥተው ከፊሉን መሬት ቀበሩ፣ ከፊሉን ወደ ጎረቤት አገር አሻገሩ። ከዚያ የተረፈው ተለቅሞ በ2017 የሱማሌ የድሮ ዘፈኖች ስብስብ ሆኖ ወጣ። በዚህ በጅቡቲ ራዲዮና ቴሌቪዥን መዝገብ ቤትም ብዙ ሺህ ሪልና ካሴት ተቀምጦ ቆይቷል፤ ከዚያ መካከል «4 ማርስ» የተባለው ባንድ የድሮ ቅጂ በ2021 ታትሟል። ባንዱ ስሙን ያገኘው ገዢው ፓርቲ ከተመሠረተበት ቀን ነው። ያም የኪነት ዘመድ ነው ማለት ነው፤ የፖለቲካው ቃል በአድማጭ ጆሮ ሲያረጅ ሙዚቃው ቀርቷል።

አሁን ስለ ሥራው በዝርዝር ልናገር፤ ከእናንተ መካከል ዛሬ ማታ ሻንጣ የሚፈትሽ አይጠፋምና።

የድሮ ካሴት ስታገኙ ቶሎ ብላችሁ ቴፕ ውስጥ አትክተቱት። ጅቡቲ ነን፤ በበጋው ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበትና ጨው አለ። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ያልዞረ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል። በመጀመሪያ በቢክ እስክሪብቶ በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ይህን እንኳ ማስተማር አያስፈልግም፣ ሁላችንም ተመርቀንበታል። ከመሀል ያለችው ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃ እንደ ሆነ እዩ። ወድቃ ከሆነ ድምፁ እንደ ጭስ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ካሴቱ የተበላሸ ይመስላችኋል፣ አልተበላሸም። አምስት ብሎን ያለው ሌላ ካሴት ፈልጋችሁ በትንሽ ካቻቢቴ ፈትታችሁ ክሩን ወደዚያ ማዛወር ነው። ቀጥሎ በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ ያኔ ማንም በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። የቴፑን ሄድ በአልኮልና በጥጥ ጥረጉ። ባለ 60 ደቂቃው ክሩ ወፈር ያለ ስለሆነ ይችላል፤ ባለ 90ው ይቀጥናል፤ ባለ 120ውን ግን እንደ ዕንቁላል ያዙት።

ከሄዱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ድምፁ የታፈነ ከሆነ እሷን በጣም በጥቂቱ ግራና ቀኝ ስታዞሩ አንድ ቦታ ላይ ጽናጽሉና የ«ሰ» ፊደል ድምፅ ጥርት ብሎ ይወጣል። ያንን ከማድረጋችን በፊት የኛን ድምፃዊት «ድምፄ እንዲህ ነበር?» አስብሎ ያስከፋት ጉዳይ ይሄው ነበር።

ከሁሉ የከበደን ፍጥነቱ ነው። የአንደኛው ገጽ የተቀዳው በድንጋይ ባትሪ ነው፤ በአዳራሹ የነበረው አንድ ሶኬት ለአምፕሊፋየሩ ተይዞ ነበር። ባትሪ ሲደክም ቴፑ እየዘገመ ይቀዳል። በዘገምተኛ የተቀዳ ካሴት በደንበኛው ፍጥነት ሲጫወት ድምፁ ይቀጥናል፣ ይፈጥናል፤ ወንዱ ድምፃዊያችን እንደ አሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ይሰማ ነበር። በኮምፒዩተር መመለስ ይቻላል፤ ግን እስከ ምን ድረስ? ጊታር በጆሮ የሚቃኝ ነው፣ አይታመንም። ያወጣን አኮርዲዮን ነው። በሦስተኛው ዘፈን ላይ አኮርዲዮን አለ። አኮርዲዮን በውስጡ ባሉት ብረቶች የተወሰነ ቅኝት ስላለው እንደ ጊታር በየምሽቱ አይቃኝም። እኔ ከዚህ አንድ አኮርዲዮን ተውሼ ያንኑ ኖታ እየመታሁ፣ ኪቦርዲስታችን ከአሜሪካ ሆኖ እያዳመጠ፣ እስኪገጥም ድረስ ፍጥነቱን ቀነስነው። ሲገጥም ሟቹ ጓደኛችን በራሱ ድምፅ መጣ።

ሌላው ምክሬ አትቁረጡ ነው። ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጡ ልጆች ንጹሕ ዘፈን ይወዳሉ፤ ሳሉን፣ የጊታር መቃኘቱን፣ ወሬውን ቆርጠው ይጥላሉ። ያ ሁሉ ይቀመጥ። የሟቹ ድምፃዊ ልጅ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ስሙን እንዳልጠራ ቃል አስገብቶኛል። አባቱ ሲሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ቅጂውን ስናሰማው ዘፈኖቹን በትሕትና አዳመጠ፤ እንደገና ይጫወትልኝ ያለው ግን ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ዘፈን መካከል አባቱ «ኧረ ሻይ አምጡልኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ» የሚልበትን ቦታ ነው። አራት ጊዜ አስደገመን። ዘፈኑን ሌላ ሰውም ዘፍኖታል፤ ያ ሻይ ግን የአባቱ ብቻ ነው።

ስትገለብጡም ያልታመቀውን ትልቁን ቅጂ ለመዝገብ አስቀምጡ፤ ለስልክ የምትልኩት ኤምፒ ስሪ ሌላ ይሁን። የእኛ አሁን በሦስት ቦታ አለ፤ እዚህ፣ ድሬዳዋና አሜሪካ። ከደቻቱ በኋላ በአንድ ቤት አናስቀምጥም።

አስቸጋሪው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአንደኛው ገጽ ያለው ዝግጅት የሽኝት ነው። ብሔራዊ ውትድርና በ1983 ታወጀ፤ ከዚያ በየቀበሌው ልጆች ሲመለመሉ ኪነት ወጥቶ ይዘፍንላቸዋል። ዘፈኑ የታዘዘ ዘፈን ነው፤ ግጥሙም የታዘዘ ነው። ኪቦርዲስታችን ይህን ሲሰማ «ይህንን ገጽ አጥፉት፤ የሠርጉ ይበቃል» አለ። ሐሳቡን አልናቅሁትም። ያንን ዘፈን ሰምቶ የሄደ ልጅ ያለው ቤተሰብ ምን ይለናል ብሎ ነው።

እኔ ግን አልተስማማሁም፤ ድምፃዊታችንም አልተስማማችም። ምክንያቱም ከዘፈኑ በፊት መድረክ መሪው የሚሸኙትን ልጆች ስም ከነአባታቸው ያነብባል። አሥራ አራት ስም ነው። እያንዳንዱ ሲጠራ ከአዳራሹ ጭብጨባ ይሰማል፤ በሰባተኛው ስም ላይ አንዲት ሴት ድምፅ አውጥታ ትጮኻለች፣ ጭብጨባው ይቆማል፣ መድረክ መሪው ትንሽ ጠብቆ ስምንተኛውን ይጠራል። ድምፃዊታችን ከአሥራ አራቱ አራቱ እንዳልተመለሱ ታውቃለች፤ የሌሎቹን ገና እያጣራን ነው። ስማቸው በድምፅ የተጠራበት ሌላ ማስረጃ በዓለም ላይ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ኪቦርዲስታችን ሙሉውን ከሰማ በኋላ ሁለት ሳምንት አልጻፈልንም፤ ከዚያ «ሳትቆርጡ ላኩልኝ» አለ። ሠፈሩ ውስጥ ከቀሩት ቤተሰቦች ሁለቱ ቅጂውን ወስደዋል። አንደኛዋ እናት አልሰማም ብለዋል፤ ካሴቱ ግን ቤታቸው ይቀመጥ ብለዋል። መብታቸው ነው።

የሳክስፎኒስታችን ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ዓለማዊ ዘፈን ከተወ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ቅጂውን አልሰማም አለን። ነገር ግን በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ የእያንዳንዱን ዘፈን ቅኝት፣ የተወዛዋዦቹን ስም፣ ዜማውን ማን እንዳመጣው ከቃሉ አስጻፈኝ፤ ከሁላችንም የተሻለ ያስታውሳል። በመጨረሻ «የኔን ስም ግን ተወው» አለኝ። ወዳጆቼ አንዳንዶቹ ታሪክ ነው፣ ይጻፍ ይላሉ። የአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ በ2004 ሲወጣ ለከዋኞችም መብት ሰጥቷል፤ ብዙ ተጫዋች ስሙ ሳይጻፍ በኖረበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም በየካሴቱ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶ ብቻ ሲወጣ ኖሮ ያንገበገበኝ ሰው ነኝ። ስም ማስጻፍ መብት ከሆነ ግን አለማስጻፍም መብት ነው ብዬ አምናለሁ። በዝርዝሩ ላይ «ሳክስፎን፤ በራሱ ፈቃድ ስሙ ያልተጻፈ» ብለን አስቀመጥነው። አንብቤለት ነበር፤ ሳቀ።

እንግዲህ ዝርዝሩ ሊሞላ አንድ ቦታ ቀርቶታል፤ ዛሬ ይህን ንግግር ለማድረግ እሺ ያልኩበትም ዋናው ምክንያት እሱ ነው። በሦስተኛው ዘፈን ላይ አኮርዲዮን የሚጫወተው ሰው ማን እንደ ሆነ ከአምስታችን አንዳችንም አናውቅም። የቡድናችን አባል አልነበረም። ለዚያ ምሽት ብቻ ነው የመጣው። ድራመሩ «የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው፤ ባቡሩ ድሬ በሚያድርበት ቀን መጥቶ ነው» ይላል። ድምፃዊታችን ደግሞ ቀጠን ያለ፣ ጢም ያለው፣ ዕድሜው ሠላሳ ገደማ፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ የሚጫወት ሰው እንደ ነበረ፣ ከአንዱ የባቡር ሠራተኛ ጋርም በፈረንሳይኛ ሲቀልድ እንደ ሰማችው ታስታውሳለች። ሁለቱም ልክ ከሆኑ ሰውየው የዚህ የጅቡቲ ሰው ነው፤ ወይም ቤቱ እዚህ ነበር። በሕይወት ካለ አሁን ሰባ ዓመት አልፎታል።

ከምሳ በኋላ ካሴቱን በትንሹ አዳራሽ እናሰማለን። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ በዚያ ዘመን በባቡሩ ላይ ይሠራ የነበረና አኮርዲዮን ይጫወት የነበረ ካላችሁ፣ ሦስተኛው ዘፈን ሲጀመር ቀረብ ብላችሁ ስሙልን። ግራ እጁን የሚያሳርፍበት የራሱ አኳኋን አለው፤ ቤተሰብ ይለየዋል። ያወቃችሁት ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ንገሯት፤ መዝገቡ እሷ ዘንድ ነው።